ያልሆነው ነገር

በሳርጀንት ጎዳና፣ በአሮጌው ቤት ጓዳ፣
ከበታች የሚኖር ነበር አንድ እንግዳ፤
ስሙም እንግዳሸት፣ ጠባዩም እንግዳ።

ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣
ከቦይለሩ አፍ ላይ ሁለት ጣቱን ትቶ
መጣ ነው የሚሉት። እሱ አውርቶ አያውቅም፤
የቀሩትን ስምንት መቁጠር አይታክትም።

ደረጃ ላይ ካየህ፣ «ጨው ነሰነስክ?» ይላል፤
ድስት ጥደህ ከደረሰ፣ እጀታውን ይዞ ወደ ግድግዳ ያዞራል፦
«የልጅ ቁመት ቢያጥርም፣ እጁ ይረዝማል።»
መኪና ስታስነሳ መስኮት ይቆረቁራል፣
«ቀበቶህ?» ሊልህ ነው።
ሰላምታው እንኳ የሰው ሰላምታ አይደለም፤
«ባትሪው አለ?» እንጂ «ደኅና አደርክ?» አይልም።
ሚስቴ እማዋይሽ «ኢንሹራንስ» አለችው፤
ቀልዱ ስም ሆነና ሰፈሩ ወረሰው።

«ባትሪው» የሚለኝ የዚያችን ነው፤ ከጣራ
ተለጥፋ የምትኖር ነጭ አፍንጫ፣
ሽታ የሌለውን ጭስ አሽትታ የምትጣራ።
በኅዳር ጢው፣ ጢው ስትል፣ እንቅልፌን ስትሰብር፣
(የማታ ፈረቃ ገብቼ፣ ቀን ተኝቼ ነበር)
ወጥቼ አዲስ ባትሪ፣ ሁለት፣ ገዛሁላት።
አልገዛህም አትበሉኝ።
ግን ያቤጽ ለንቦጩን መሬት ድረስ ጥሎ፣
«ባቡሬ ሞተብኝ፣ አይሄድም» ብሎ...
ለባቡሩ ሰጠሁ።
ለቤቱ «ነገ» አልኩ። ነገ ታኅሣሥን ወለደ፣ ታኅሣሥ ጥርን።
ረሳሁ።
«ባትሪው አለ?» ሲለኝ፣ «አለ» ነው የምለው፤
አልዋሸሁም እኮ! አለ፤ ባቡሩ ውስጥ ነው።

አንድ የጥር ሌሊት ነፋሱ ከሰሜን በረዶ ሲነዳ፣
መስኮቱ ታወረ፣ በሩም ሆነ ግድግዳ።
ማሞቂያው ያጓራል፤ እኛ ሦስታችን በአንድ ብርድ ልብስ
ሞቆን ተኝተናል።
ሙቀት ደግ ነው፣ ወደ ውስጥ እስኪተነፍስ።
በር ዘግተው፣ ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎችን ወሬ
ልጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ያ ከሰል ነው፣ ይህ ማሞቂያ ብዬ
ተኛሁ።

ጠዋት በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ፣
መኪናዬን ልቆፍር። ዱካ አየሁ።
ከምድር ቤቱ በር ተነሥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣
እስከ ነጩ ቱቦ፣ እስከ ማሞቂያው መተንፈሻ፣ በረዶውን ሰንጥቆ አልፎ።
ዙሪያው እንደ ገበታ ክብ ሆኖ ተጠርጓል፤
ቱቦው ከመሃሉ እንፋሎት ይተፋል።
አንዱን ዱካ በረዶ እስከ ግማሽ ሞልቶታል፣
ሌላው ከላዩ ነው፤ ሦስተኛው ትኩስ ነው፣ ጠርዙ አልሟሸሸም።
እኩለ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ንጋት ላይ።
አላንኳኳም።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን።
በዊኒፔግ ጥር ግን ቅጠል ከየት ይገኛል?
አካፋ ነው ቅጠሉ፤
ሌሊት ተነሥቶ የሚዝቅ ሽማግሌ ነው ቅጠሉ።

ምን ሊሆን ነበር? አላውቅም። ምናልባት ምንም።
የሆነ ነገር ድንኳን አለው፣ ለቀስተኛ አለው፣ ዓመት ሲሞላ ስም፤
ያልሆነውን ግን የሚተርክለት የለም፤
ዱካ ብቻ አለው፣
እሱንም ቀጣዩ በረዶ እስኪያለብሰው።

ገባሁ። ባቡሩ አልጋ ሥር በጎኑ ወድቋል።
በቢላ ጫፍ ፈታሁት፤ ያቤጽ ቆሞ ያየኛል።
ወንበር ላይ ወጣሁ፤ ባትሪዎቹን ሳስገባ አንዴ «ጢው» አለች፣
አረንጓዴ ዐይኗን ገለጠች።
«ባቡሩ ሞተ?» አለኝ።
«እስክገዛለት ይተኛ» አልኩት።

በሩን ሳልዘጋው ኖሮ፣ ጋሽ እንግዳሸት ደፉ ላይ ቆሟል፤
አካፋው በእጁ ነው፣ ቅንድቡ ላይ በረዶ ሟሙቶ ይንጠባጠባል።
«ባትሪው አለ?» አለኝ።
«አለ» አልኩት። ቃሉ ያው የበፊቱ ነው።
ቀና ብሎ አላየኝም፤ የሚያየው ወንበሩን ነው፦
«አንድ እግሩ አጭር ነው» አለ፣
መጥቶም ያዘው፣
እስክወርድ፣
በሦስት ጣቱ።