ዘንበል ያለ ጅራት

ሂርማታ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አባቴ አሸንዳ በሚያጥፍበት፣
ዝናብ ጣሪያውን ሲደልቀው፣ መብራት በጠፋበት፣
ከትርፍራፊ ቆርቆሮ አራት አውሮፕላን ቆርጠን፣
ሦስት እግር ባለው በርጩማ ተራ በተራ አስቀምጠን፣
ጅራት እናወዳድራለን።

"ባትሪው ራዳር ነው" አለኝ፣ "አንቺ ደግሞ ጠላት።
ብርሃኑ ተመልሶ ዓይንሽን ከወጋው፣ አየሽው ማለት።
ካልተመለሰ፣ እዚህ ማንም የለም።"
ሃምሳ አለቃ ናስር አባ ጊሳ፣
ደብረ ዘይት አሥራ አንድ ዓመት የሚግ ገላ ሲያክም የኖረ፣
ዛሬም መዶሻው አይስትም።

የመጀመሪያው የድሮው ነው። ክንፉ መሐል ቀጥ ብሎ የቆመ፣
እንደ መሐላ።
አበራሁ። ክንፍና ጅራት ከተጋጠሙበት ማዕዘን
ብርሃኑ ሁለቴ ነጥሮ መጣ፣ ዓይኔን ለበለበው።
"ታየ!"
"ይታያላ" አለ። "ቀጥ ያለ ነገር መቼ ተሰውሮ ያውቃል?
የላኩበትን ሁሉ ለላኪው ይመልሳል።"

ሁለተኛው መንታ ነው፤ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣
ነገር ሲመጣ ገሸሽ እንደሚል ሰው ፊቱን ያገለለ።
አበራሁ። ብርሃኑ ተንሸራቶ ሄደ፣
የከሰል ጆንያውን ልሶ በማገሩ ነጎደ።
ጋድም ጅራቱ ከኋላ አለና ሲታጠፍ አይሰንፍም፤
ግን ክብደት ነው፣ ጠርዝ ነው፤ ጨርሶ አይጠፋም።

ሦስተኛውን እኔ ነኝ የወደድኩት።
ቁሙንም ጋድሙንም ትተውለት፣
ሁለት ሰፋፊ ቅጠል ብቻ፣ ገርበብ እንዳለ መጽሐፍ።
ሽቅብ ሲባል እነሱ፣ ወደ ግራ ሲባል እነሱ።
"ለሁለት ጌታ ያደረ" አለ አባቴ፣
"ሁለቱ በአንዴ ሲጠሩት የአንዱን ያጎድላል።"
ኪቶ ፉርዲሳ መምህራችን ሦስት ቀን ሰሌዳ ሙሉ ጻፈው፤
አባቴ በመዶሻ እጀታ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

አራተኛው ጅራት የለውም።
ክንፍ ብቻ፣ ልሙጥ። አበራሁ፣ ደግሜ አበራሁ፣
በርጩማው ላይ ምንም እንዳልተቀመጠ ያህል።
ደስ ብሎኝ ወረወርኩት።
ሁለት ክንድ ሳይሄድ እንደ ሰካራም ዞረ፣ ዞረ፣
ደጃፉን አልፎ ጎርፉ ውስጥ ተቀበረ።
አባቴ ሳቀ፤
"እሱን የሚያቆመው በየቅጽበቱ የሚያርመው ኮምፒዩተር ነው፤
ለራሱ ከተዉት ፊትና ኋላውን አያውቅም።"

ከዚያ ዝም አለ።
የመጀመሪያውን አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

"ኩምሳ የሚሉት ጓደኛ ነበረኝ።
አንድ ማለዳ ወረቀት አመጡ፤ 'ይህ አውሮፕላን ደኅና ነው፣ ፈርሙ።'
ጅራቱ ሥር ስንጥቅ ነበረ፣ የፀጉር ያህል።
እሱም አይቶታል፣ እኔም።
ኩምሳ ቀጥ አለ። 'ስንጥቅ ነው። አልፈርምም።'
እኔ..."

መዳፉን ዘንበል አደረገ፣ ልክ እንደ ሁለተኛው፣
ጥቂት ብቻ፣ ሃያ ስምንት ዲግሪ ግድም።

"ሆዴን አመመኝ አልኩ። ክሊኒክ ሄድኩ።
የመጣው ሁሉ ነካ አደረገኝና ተንሸራቶ አለፈ።"

ወዴት እንዳለፈ አልጠየቅኩትም።
"ማታ ስመለስ" አለ፣ "የኩምሳ ፍራሽ ተጠቅልሎ ነበር።"

ዝናቡ ከጣሪያው ይወርዳል። ጣሪያ ያዘመመ ነው፣
የሰማይን ዱላ ለሌላ ያሳልፋል።
ሃያ ዘጠኝ ዓመት አባቴ አሸንዳ ብቻ ይሠራል፣
ያዘመመው የጣለውን ከሥሩ የሚቀበል።
ለምን በር አይሠራም፣ ለምን ምድጃ አይሠራም፣
ስል የኖርኩት እኔ ነበርኩ።

ወጥቼ አራተኛውን ከጭቃው ፈለግኩት፣ አጣሁት።
በአዌቱ በኩል አንድ ባጃጅ መጣ፣
መብራቱ በክፍቱ በር ገብቶ በርጩማውን ዳሰሰ፣
ሁለቱን እንደሌሉ አልፏቸው ሄደ፤
አባቴ መዳፍ ላይ ያለው ብቻ
ብልጭ ብሎ መለሰ።

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። "አቤት? ጠራችሁኝ?" አለ።