ግራ፣ ቀኝ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚንየም፣ ሕንጻ አርባ ሰባት፣
ለሱቅ ተብላ የተሠራች፣ ሱቅ መሆን ያቃታት
አንዲት ክፍል አለች፤ ማክሰኞ ከሰዓት
ስድስት ሰው ይቀመጥባታል፣ በፕላስቲክ ወንበር።
ከመስኮቱ ማዶ ሲኖትራክ አሸዋ ጭኖ ሲበር
አቧራው ይገባና ጉልበታቸው ላይ ያርፋል፤
ማንም አያራግፈውም፤ እንደ ዘመድ ያድራል።

እናቴ ፀዳለ የሹራቧን ክር ትመዛለች።
አቃቂ፣ ፈትል ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤
እጇ ያውቃል፣ እሷ ረስታለች።
«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትለኛለች በየሩብ ሰዓቱ፤
«ያንቺ» ስላት ትስቃለች፤ ቀልድ ይመስላታል እውነቱ።

ኢዮስያስ መጣ፣ ክራሩን በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልሎ።
«መድኃኒት ነው» አላለንም። «እስቲ እንሞክር» አለ፣
መቃኛውን አጥብቆ፣ ደግሞ አላልቶ።
የመጀመሪያው ቀን ትዝታን ቃኘልን።
ያለቀስን እኛ ነን፣
አስታማሚዎቹ፤ መሐረብ ተዋዋስን።
እነሱ ግን አዩን፣ በታላቅ ጨዋነት፣
ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን እንደማያውቅ ሰው ዓይነት።
አቶ ወልደሰንበት ብቻ «ምሳ ደረሰ?» አሉ።
እናቴ ዘወር አለች። ልብ አላልኩም ያኔ።

ሌላ ማክሰኞ ባቲ፤ ሌላ ማክሰኞ አንቺሆዬ፤
እማማ ብርቄ ትከሻቸውን ሰበቁ፣
የአንድ ሰርግ ያህል ቆዩ፣ ተመልሰው ጠፉ።
እናቴ ክር መዘዘች።

ከዚያ መብራት የጠፋ ዕለት፣
ካጥሩ ወዲያ ካለው ትምህርት ቤት
ልጆች ለወላጆች በዓል ሰልፍ ይለማመዳሉ፣
ባዶ ጀሪካን ይደልቃሉ፦
ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ።
የእናቴ ጫማ ሲሚንቶውን መታ።
ክሩን ለቀቀች። ቀና አለች።
ግራ የገባት ሴት ግራዋን አገኘች፣
ቀኟን አስከተለች፣
የሌለ ካኪ እጅጌ ወደ ክርኗ ሰብስባ
ዘፈነች።

አንድ ቃል ሳትስት፣ ሦስቱንም ቤት፣ አዝማቹን ደግማ፤
ድምጿ ከኔ ድምፅ ያነሰ ዕድሜ ነበረው።
ኢዮስያስ በክራሩ ተከታትሎ ደረሰባት፤
«ቀጥሉ እማማ! ይሄን ከየት አመጡት?»
ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የተወለደ ነው፤ አይፈረድበትም።

እኔ ግን አውቃለሁ ከየት እንዳመጣችው።
ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ የፋብሪካው በር፣
የፋብሪካው ኪነት፣ እናቴ ፊት መስመር፤
ወጣቶቹ ኦራል ላይ ቆመው፣
ከነሱ አንዱ ወንድሜ ደረሰ ነው።
እየዘፈነች ሸኘችው።
ከሰሜን ወረቀት መጣ። በቃ።
ከዚያ ወዲያ በሰርግም በክርስትናም
አጨበጨበች እንጂ አፏ አልተከፈተም።
ሬዲዮናችን ተሸጠ። እኔም ያንን ዜማ
ጠላሁት፣ ሰው እንደሚጠላ።

እና አሁን ሁሉም ሲሄድ፣
ስሜ፣ የቤቷ በር፣ ያ ወረቀት ሳይቀር፣
እሱ ነው የሚተርፈው?
አዝማቹ አለቀ። ዞራ አየችኝና
«ደረሰ፣ ደረሰ?» አለችኝ።
በዘፈኑ ውስጥ ገና አልሄደም፤
ሾፌሩ ሞተር አላስነሳም።
«መንገድ ላይ ነው» አልኳት። ምን ልበል?

አራተኛ ፎቅ ነን። ሊፍቱ ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው።
ሌላ ቀን በየደረጃው ቆማ «የማን ቤት ነው?» የምትል
ያን ቀን ግራ፣ ቀኝ፣ ሳታርፍ ወጣች፤
እኔም ከኋላዋ፣ ወገቧን ደግፌ፣
የጠላሁትን ዘፈን በሹክሹክታ እያዜምኩ።

ኢዮስያስ ግጥሙን ጻፊልኝ ብሎኝ ነበር።
በልጄ ደብተር ጀርባ ጻፍኩለት፤
አንዷን ስንኝ ግን ዘለልኳት፣
ትመለሳለህ የምትለዋን።

ማክሰኞ፣ መብራት አለ፣ ጀሪካን የለም።
ክራሩ ብቻውን ግራ፣ ቀኝ አለ።
እሱ ከወረቀቱ፣ እሷ ከየት እንደሆን እንጃ፣
አብረው ዘለቁ፤ እዚያች ቦታ ሲደርሱ
እጇን አነሣች፣ አስቆመችው።
ስሜን የማታውቀው እናቴ
አንድ በአንድ አየችን፣ ወንበሮቹን ቆጠረች፤
«አንድ ጎድሏል» አለች።