ጠመኔ ያዥ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ነሐሴ አጋማሽ፣
ከጋራ ተነሥቶ ውሃ መጣ ደራሽ።
አዳማ ሣህን ናት፤ ጠርዟ ሁሉ ጋራ፣
ተራራው ያልጠጣው እሷ ላይ ሲያጓራ፣
እኔ፣ የትምህርት ቤት ቁልፍ ያዥ የነበርኩኝ፣
በባትሪ ብርሃን ክፍል ሰባት ከፈትኩኝ።

«አስተባባሪ ነኝ» የሚል መጣ አንድ ሰው።
ሌላ አስተባባሪ፣ ካፖርት የለበሰው።
ሦስተኛው ሬዲዮ፣ አራተኛው ማኅተም፤
ሁሉም ይናገራል፣ የሚሰማ የለም።

ሎደር አንዲት ብቻ፤ ሾፌሩ ናኦል።
«ወደ ፍራንኮ!» ይላል አንዱ፣ «ቦኩ!» ሌላው ይላል፣
«ገንደ ሀራ ነው የባሰው» ሦስተኛው ይምላል።
ናኦል ሞተር አስነሥቶ መሪ ይጨብጣል፤
ወዴት እንደሚዞር ማን ይነግረዋል?

ሃያ ደቂቃ።
በውሃ ሲለካ
ከጉልበት እስከ ደረት።

ሲስተር ጦይባ ገባች፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ነጭ ጋዋኗ ላይ እስከ ወገብ ጭቃ።
አልጮኸችም።
ከመስኮቱ ደፍ ጠመኔ አንሥታ ሰጠችኝ።
«ጽሕፈትህ ያምራል አሉ፤ ተነሥ ጻፍ» አለችኝ።
«አራት ዓምድ አስምር፦ ማን ሄደ፣ ወዴት፣
በምን፣ ተመልሷል ወይ፣ በስንት ሰዓት?»

ወደ ሻምበል ጉልላት ዞረች፦
«ዛሬ አፍ እርስዎ ነዎት፤
እኛ ጆሮ እንሆናለን። ከተሳሳቱ ግን
ሰሌዳው ላይ ይታያል።»
ሻምበል ሳቁ። ወዲያው መሳቁን ተዉት።

ባለ ማኅተሙ ሰው ብርድ ልብስ ይቁጠር፣
ባለ ካፖርቱ ደግሞ በሩ ላይ ይገተር፣
የገባ ሁሉ ስሙን፣ ሰፈሩን ይናገር።
ሙደሲር ባጃጆቹን በታርጋ ጠራቸው፣
በስም ቢጠራማ ሦስት አብዲ ናቸው።
ናኦል አንድ ቃል ሰማ፤
መሪውን አዞረ።

ሰሌዳው ሲሞላ ግድግዳ ጻፍኩበት፣
የተመለሰ ስም ጭረት አኖርኩበት።
አንዴ ጠመኔው ተሰብሮ በጥፍሬ ጫርኩበት።

ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ደከመው።
አርባ ሦስት ጭረት።
አንዱ ስም ግን ባዶ ነው፦
ኦቦ በዳሳ ዱጉማ፤ ገንደ ሀራ፤ ከወፍጮ ቤቱ ኋላ።
ጎረቤት የደወለው ስምንት ተኩል ላይ ነው፤
ሎደሯ ሦስት ቦታ ታዛ የቆመችበት ሰዓት ነው።
ሃያዋ ደቂቃ
ስም አላት ማለት ነው።

መስከረም ሊጠባ፣ ልጆች ሊገቡ ሲሉ
ርእሰ መምህሩ ዳስተር ሰጥተውኝ «አጥፋው» አሉ።
አጠፋሁ።
አንድ መስመር ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለ።
ሲስተር ጦይባን ጠራኋት። መጣች፣ ቆማ አየችው፣
ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችው፣
በአራተኛው ዓምድ፣ ባዶ በነበረው፣
«ሃያ ደቂቃ ዘገየን» ብላ ጻፈች።
ከሥሩ አነስ አድርጋ፦
«በሚቀጥለው፦ አፍ — ሻምበል። ጠመኔ — አንተ።
ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

ቁልፉ እኔ ጋ ነው።
በክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ፤
ሰማዩ በጋራው በኩል የጠቆረ ዕለት
ስተኛም አላወልቀው።