የመስመሩ ባለቤት

ማክሰኞ ነው፤ ዕረፍቴ ነው፤ ሳስካቱን በረዶዋን ለብሳለች፤
ሞደሟ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ብርቱካን ዓይኗን ታርገበግባለች።
ሦስት ወር ሙሉ ከሒሳቤ ላይ
መቶ አርባ ሁለት ዶላር ሲቆረጥ ሳይ፣
ለሆኪው ጥቅል፣ ለቦክሱ ጥቅል፣ ለማላየው ሁሉ፣
ይብቃ አልኩና ደወልኩ፤ ይሰርዙት፣ ይንቀሉ።

እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ዳቦ እገዛበታለሁ፣
ከአለቃዬ ጋር ስለ ፈረቃ እነጋገርበታለሁ፤
ለጠብ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አይበቃኝም፤
በተውሶ ምላስ መቆጣት አይሆንልኝም።
"አስተርጓሚ" አልኳቸው። "ይጠብቁ" አለኝ ማሽኑ።

ጠበቅሁ፤ ሽንኩርት ልጬ፣ ካልሲ አጣምሬ፣ ጥፍሬን ቆርጬ፤
ጠበቅሁ፤ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ተቀምጬ።
አንድ ፒያኖ አለ፤ እየሄደ፣ አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላል፣
ከዚያ ወንድ ድምፅ፣ "ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው" ይላል።
ውድነቱንስ በየወሩ አየሁት።

በአርባ ሦስተኛው ደቂቃ፣ እንደ ታጠበ ብርጭቆ የጠራ ድምፅ፦
"አስተርጓሚ ቁጥር ስድስት ሺህ አሥራ ሰባት ነኝ።"
ስም የላትም፤ ደንብ ነው።
ከማዶ ያለው ልጅ ብሬንደን ይባላል፤ ሁሉም ነገር ደስ ይለዋል፤
ቃሉ በሷ ጉሮሮ አልፎ በአማርኛ ይደርሰኛል፦
"መስመሩ የተመዘገበው በአቶ ልዑልሰገድ ስም ነው፤
ባለቤቱ የት ናቸው? እኛ የምንፈልገው እሳቸውን ነው።"

"እኔም" አልኩ።

ዝም አለች። አስተርጓሚ ዝም አይልም፤ በደቂቃ ነው የሚከፈለው።
ከዚያ ቃሌን እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ አሻገረችው፤
እዚያ ማዶ ሲደርስ ግን አንድ ተራ ቃል ሆነ፤
ብሬንደን "እሺ፣ በጣም ጥሩ" አለ፤ ነገሩ በዚያው ተከደነ።

"ይደውሉልን።" አይደውልም። "ኢሜይል ይላኩልን።" አይልክም።
"እንግዲያው የምሥጢር ጥያቄ አለ፤ መልሱን ካወቁት አያስቸግርም፦
የመጀመሪያ የቤት እንስሳቸው ስም ማን ይባላል?"
ስድስት ዓመት በአንድ ብርድ ልብስ ተኝተናል፤
እንስሳ እንደነበረው ዛሬ ገና መስማቴ ነው።
"ቡቺ?" አልኩ፣ በግምት።
ብሬንደን ይቅርታ ጠየቀ። ቡቺ አልነበረም።

መስመሩ ሊዘጋ ሲል ቁጥር ስድስት ሺህ አሥራ ሰባት
ማንም ያላዘዛትን አንድ "አይዞሽ" ጣል አደረገችበት።

ማታ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። "ማነው የሚያየው?" አለኝ፤
ሁለት ፊት ደርድሮ፣ እንደ ፖሊስ፣ አንዱን እንድለይ ጠየቀኝ፦
የኔ ወይን ጠጅ ጉጉት፣ የሱ ኮፍያ ያጠለቀ ድብ።
ሦስት ወር ሙሉ ድቡን ነክቼው አላውቅም።
ነካሁት።

ለካ ካልጋሪ ተቀምጦ በኔ ዶላር ያያል!
ሰኞ ሌሊት ስለ ሻርክ፣ ዓርብ የማብሰል ውድድር አይቷል
(እንቁላል እንኳ አቃጥሎ የሚበላ ሰው)።
አብረን የጀመርነውን፣ የዓሣ አጥማጁን ግድያ፣
አራተኛው ክፍል ላይ የተውነውን ያን ድራማ፣
እሱ ዘጠነኛው ላይ ደርሷል፤
ቀዩ መስመር ሊሞላ የጣት ጫፍ ቀርቶታል።
ገዳዩን ብቻውን አውቋል።

አልተሳደብኩም። ድቡንም አላጠፋሁም።
ሪሞቱን ይዤ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት፣
አራተኛው ክፍል፣ አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እስክደርስበት፤
መርማሪዋ ከጀልባው ወለል እርጥብ ጓንት የምታነሳበት፣
አንተ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ የጣለህ፣
እኔ "ነገ እንጨርሰዋለን" ብዬ ያቆምኩበት።

እዚያ ተውኩት። ነገ ስትከፍት እዚያው ትደርሳለህ፤
ማን እንደ መለሰህ አንድ አፍታ ግራ ይገባሃል።
ሒሳቡን ከኔ ይቁረጡ፣ ግድ የለም፤
ሴትየዋ ጓንቱን እንደያዘች ናት።