ጡብ የበላ ላቬንደር

ግላስጎ ዝናቡ እንግዳ አይደለም፤
ሳያንኳኳ ይገባል፣ ውጣ ቢሉት አይሰማም።
በጎቫን ሰፈር፣ ከመርከብ መሥሪያው ማዶ፣
አንድ መሬት ነበር በሽቦ የታጠረ፣ ባዶ፤
የሕዝብ ልብስ ማጠቢያው ፈርሶ
ጡቡ እንደ ወደቀ፣ ሣር ለብሶ፤
አሮጌ ፍራሽ፣ የብስክሌት ጎማ፣
ቀበሮ ብቻ የሚያውቀው ጨለማ።

ናስሪን ናት የጀመረችው። ከሱቋ ደጃፍ ቆማ
"እዚህ ላቬንደር ብንተክልስ?" ስትል የሰማ
ሳቀ። ዱጋልድማ
"ላቬንደር ፀሐይ ይወዳል፤ እኛ ፀሐይን የምናውቃት በፖስታ ካርድ ነው" አለ፤
ግን በማግስቱ፣ ከሁሉ ቀድሞ፣ አካፋ ይዞ እዚያው ዋለ።

አርባ ችግኝ ገዛን፣ ከየኪሳችን አዋጥተን፤
እንደ በኩር ልጅ አቀማጠልናቸው፣ ፍግ አልብሰን፣ ውሃ አጠጥተን፤
ማታ ማታ በየተራ ወርደን
"ደኅና እደሩ" እያልን።
መጋቢት ሲጠባ
ሥራቸው በስብሶ አገኘናቸው፣ በረድፍ በረድፍ፣
ግራጫ፣ እርጥብ፣ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ዘርፍ።
አንዷ ብቻ ቆማለች፣ ከጥጉ፣ ከፍርስራሹ አፋፍ፤
ማንም ውሃ ሊያጠጣት ያልደረሰባት፣
እኛም የረሳናት።

ኤፊ መጣች ያኔ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ምርኩዟ እርጥብ ጡብ ላይ ቋ፣ ቋ ይላል ከፊቷ።
በዚህ ማጠቢያ ቤት ከእናቷ ጋር ሠርታለች፤
ገንዳው የት እንደ ነበር፣ ማክሰኞ የማን ተራ እንደ ነበር፣ ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች።
ያቺን ችግኝ በምርኩዟ ጫፍ ነካ አደረገቻትና
"ይህቺ ለምን ተረፈች? ጡብ ላይ ቆማለችና።
ሌሎቹ ጠግበው ሞቱ። ጡቡን ስበሩ፣ ትከሉ እንደገና።"

ሰበርነው። ስድስት ቅዳሜ፣ መዶሻ በመዶሻ።
የናስሪን ልጅ በዝናብ ጫማው፣
ዳቦ ጋጋሪው ቦጉሚል ከሌሊት ሥራው
በቀጥታ መጥቶ፣ በዱቄቱ ላይ ቀይ አቧራ ደርቦ፣
የዱጋልድ እኅት ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ።
አንዳንዱ ጡብ ሲሰነጠቅ፣ እምላለሁ፣ የሳሙና ሽታ አለው፤
ወይ የኤፊ ወሬ ይሆናል አፍንጫችንን ያታለለው።
ጡቡን ከአፈሩ ቀላቀልን፣ መሬቱን ከፍ አድርገን፣ ውሃው እንዲሸሽ።
ፍጉን ለጎረቤት ጽጌረዳ ሰጠን።

ለካ ሲጠግብ የሚታመም፣ ሲያጣ የሚያብብ ተክል አለ።
ይህን ሰምቶ "ድህነት ያሳምራል" የሚል ቢመጣ ግን
ኤፊ ምርኩዟን ታነሣለች፦
"ለተክል ነው ያልኩት! እኛንማ እርጥበቱም ረኃቡም ፈጀን።"

በሦስተኛው ሐምሌ ሐምራዊ ሆነ ሰፈሩ፤
ንቦች ከየት እንደ ሰሙ እንጃ፣ ጭጋጉን ሰንጥቀው ሰፈሩ።
ዱጋልድ ንብ ይፈራል፤ አይናገርም እንጂ
እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ በረድፎቹ መሃል ያልፋል፤
ማንም ካላየው ደግሞ ጎንበስ ይላል።

አጨድን። በጥላ አንጠለጠልን። አደረቅነው።
ከአሮጌ አንሶላ ትንንሽ ከረጢት ሰፍተን በየደጁ አደረስነው፣
"መዶሻው ረበሸኝ" ብሎ ለማዘጋጃ ቤት ለከሰሰንም ሰው።

የመጨረሻዋ የኤፊ ነበረች።
አሸተተች። ዝም አለች። ደግማ አሸተተች።
አነጠሰች።
"ጥሩ ነው፤ ግን ሳሙና ይጎድለዋል" አለች።
ከረጢቷን ግን ከሹራቧ ሥር፣ ከገላዋ ጎን ሸጎጠች።