የቡርኮ ክብ

ጥር ነው። ሙስ ጆ ላይ ብርዱ ብረት ይሰብራል፤
እኛ ምድር ቤት ነን፤ እዚህ ሣር ይዘራል።
ኦረስት ፕሮኮፕቹክ፣ የሐዲድ ጡረተኛ፣
ዓይኑ ገና ንቁ፣ ጣቱ ግን አመፀኛ፤
ወረንጦ ሲጨብጥ ወረንጦው ይጨፍራል።
እጁ እኔ ነኝ እንግዲህ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣
ከአውቶቡስ ጋራዥ ወጥቼ፣ ግራሶዬን ሳላብስ።

አፈሩ የእውነት ነው።
በነሐሴ ነድቶ፣ በቀለም ጣሳ ሙሉ
ካደገበት መንደር ዝቆ ያመጣው ነው፤
መንደሩ ግን የለም፤ ሰባቱ ቤት ፈርሷል፣
ጎተራው ተቃጥሏል፣ ሐዲዱ ተነቅሏል፣
ስንዴ ተዘርቶበት ስንዴውም ታጭዷል።
ኦቨን ከተተና ጋገረው ያን አፈር፣
ነፍሳት እንዳይፈሉ ከትንንሾቹ ቤቶች ሥር።
ዳሪያ፣ ሚስቱ፣ ቤቱ ምድር ምድር ሸቷት
«የሰው ባል ሥጋ ይጠብሳል» ብላ ሳምንት ኮርፋበት፣
ስቶኪንጓን ግን ሰጠችው፣ ደቃቁን እንዲነፋበት።

ጂፕሰም፣ ነጭ ኮላ፣ ሰጋቱራ በውሃ።
ለረገፈው ቅጠል ሻያችን ይበቃል፣
ትናንት ተጠጥቶ ምድጃ ላይ ደርቋል።

ከዚያ ሣሩ።
የዝንብ መምቻውን ራኬት ፈታትቶ፣
ከሻይ ማጥለያ ጋር በሽቦ አጋብቶ
የሠራው መሣሪያ ጢዝ ይላል በእጄ።
ሚስማሩን ሰክቼ እርጥቡ ኮላ ላይ፣
ማጥለያውን ነቅነቅ፣ ደግሞ ነቅነቅ፣ ከላይ፤
የናይለኑ ብናኝ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር፣
እየተንሳፈፈ ይወርዳል ዝም ብሎ፣
ምድር ሲነካ ግን፣
ወንጌል እንደሚነበብለት ሕዝብ
ብድግ! ይላል በሙሉ፣ ቀጥ ብሎ።

«አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሣር አይባልም፣ ምንጣፍ ነው» ይላል፤
ስለዚህ ገለባ፣ ስለዚህ የዝገት ቀለም፤
ከአጥሩ ሥር ረዘም፣ ከበሩ ደጅ አጠር፣
ባቡር በሚያልፍበት ዘይት የጠገበ ጠጠር።
ሦስት ምሽት ፈጀብኝ።

ማጉያ መነጽሩን አጠለቀ። ቆየ።
«አምሯል» አለ። ድምፁ ግን አላማረም።
ከኪሱ የጥርስ ብሩሽ አውጥቶ ሰጠኝና
«ከጓሮው በኩል፣ እዚህ ጋ፣ ላጨው» አለኝ።
«ምኑን?»
«ሣሩን። ክብ አድርገህ። ቡርኮ እዚህ ነበር የሚታሰረው፤
ሰንሰለቱ ሁለት ሜትር፣ በኛ ልክ ሃያ ሦስት ሚሊ።»
ኮምፓስ ተክዬ ዞርሁ፤ ፋቅሁ፤ ደግሜ ፋቅሁ፤
ከክብሪት እንጨት ችካል ጠርቤ መሐሉ ላይ አቆምሁ።
«ችካሉ ሥር ትንሽ ተው፤ እዚያ አይረግጥም ነበር።»
ተውሁ።
ጠርዙን ግን እስኪያብረቀርቅ በጥፍሬ ጀርባ አሸሁ።

ሣጥኑ ውስጥ ውሾች አሉ፣ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ፤
አንዱን ቡኒ አንስቼ «ይሄስ?» ብለው
«አይ» አለ። «ከሰዓት ነው።
ፈትቼዋለሁ።»

ሌላ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም።
ብቻ ኮላው ሳይደርቅ «ነፋሱን ረሳን» አለ፣
«ከምዕራብ ነው ሁሌ።»
ጎንበስ ብዬ፣ ከምዕራብ፣ ከማሞቂያው ቧንቧ በኩል፣
እፍ አልሁበት።
ሳስካችዋን በሙሉ አንገቷን ወደ ምሥራቅ ደፋች።

በማግስቱ ጋራዥ፣ አውቶቡስ ሥር ተንጋልዬ፣
እጅጌዬ ላይ አንዲት ሣር አየሁ፤
አልጎነበሰችም፣
ቀጥ ብላ ቆማለች፣
ነፋስ መኖሩን ገና እንዳልነገሯት።