የዘለለ ክር

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የሦስት ቀን ፈቃድ
ወስጄ ወረድኩኝ ከደብረ ብርሃን ብርድ፤
ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ጉልበት እያነሰኝ፣
የአልዩ አምባ ወበቅ ማሽላ ታቅፎ ተቀበለኝ።

ከፍርስራሹ በር ላይ (በር ከተባለ፣
አንድ ግራር ነው እንጂ ሌላ ምንም የለ)
ጦይብ የሚሉት ሰው ደረሰኝ ዘርግቶ
"በመሪ ነው? በብቻሽ?" አለኝ ብዕር አንስቶ።

ለብቻ ሃምሳ ብር፣ በመሪ ሁለት መቶ ሃምሳ፤
ልዩነቱ ሲሰላ የሁለት ቀን ምሳ።
ደግሞስ ዓይን አለኝ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት
ከጥቅል ብርድ ልብስ ነቁጥ የለየሁበት።

ገባሁ ለብቻዬ።

ግንብ አየሁ፤ ደረቱን ለፀሐይ የሰጠ፣
ከጭቃ ሳይማከር ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ።
ሽኮኮ ብቅ አለች፣ አየችኝና ጠፋች፤
ከግድግዳው ሆድ ውስጥ አንዲት ጎድጓዳ እንደ ጆሮ ሰፋች።
መስኮት ናት አልኩና ውስጧ ተቀመጥሁ፣
ጫማዬን ሳላወልቅ ዳቦዬን ገመጥሁ።
ማን ማንን እንዲያገባ፣ ማን ለማን ያበድር፣
እኔው ደለደልኩት በዚያች በአንድ ጀንበር።

ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ግራሩ ድረስ ቆየ።
ጦይብ ቀሚሴ ላይ የነጣውን አቧራ አየና
"የት ተቀመጥሽ?" አለ።
ነገርኩት።
አልተቆጣም። ብዕሩን ከደነ።
"መስኮት አይደለችም፤ ወደ ቂብላ ያየች፣
ስንቱ ግንባሩን ደፍቶ ሲሰግድ የኖረች
ሚሕራብ ናት" አለኝ፤
ዳቦው ከሆዴ ውስጥ ድንጋይ ሆነብኝ።

በነጋታው ማልጄ ሁለት መቶ ሃምሳ
ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ይቅርብኝ ያን ምሳ።
"በስተቀኝ ጉድጓድ፣ ውሃ የሚያቁሩበት፤
በስተግራ ጥጡን የሚፈትሉበት፤
እዚህ ገበያ፤ እዚህ ዳኛ፤ እዚያ መቃብር፤
ስምንት መቶ ዓመት"፤ ቁጥሩን ሲናገር
ትናንት ለሌሎች ዘጠኝ መቶ ማለቱን
ከግራሩ ሥር ሰምቼ ነበር፤
ዝም አልኩ። ሰው ነው፣ መቶ ዓመት ይጥለዋል።

እሱ በመራኝ ቁጥር ድንጋዩ አፍ አወጣ፣
ዓይኔ ግን ከበትሩ ጫፍ አልፎ አልወጣ።
ያሳየኝን አየሁ። ያላሳየኝን ደግሞ
(ሥራዬ ነውና፣ ምን ላድርግ?) ቆጠርኩ።
ብርድ ልብስ ስመረምር የተሸመነውን አይደለም የማየው፣
የዘለለውን ክር ነው።

ጦይብም ዘለለ።
ከጉድጓዱ ወደ መቃብሩ ሲያልፍ፣ በወይራው ግርጌ፣
ከወገቡ የተናደ አንድ ግድግዳ አለ፤
በትሩ አልተነሳም፤ እግሩ ፈጠነ።
"ይሄስ?" አልኩት።
"እሱ በደረሰኙ ውስጥ የለም።"

ሦስተኛው ቀን። ፈቃዴ ሊያልቅ ነው።
ግራሩ ሥር ቆሜ ኪሴን ስዳብስ፣
"ዛሬስ የትኛው ይሁን?"
"አንተ ትመጣለህ፤ አትናገርም።"
ብዙ ቆየ። ሳቀም አልሳቀም።
'መሪ' ከሚለው ፊት ለፊት ሰረዝ አሰመረ፣
የሃምሳ ብሩን ቆረጠ።

ሄድን።
እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፤ መንገድ ስስት እሱ ከፊት።
ሚሕራቡ ጋ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ማንም አላዘዘኝ።
ወይራው ግርጌ ስንደርስ በትሩን ጥሎ ተቀመጠ፣
መዳፉን ስብራቱ ላይ አሳረፈ።
"ቤት ልንሠራ" አለ፤ "ዐሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ከሥር ሳበ።
ጁሃር ከላይ ነበረ።"

ጁሃር ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።
ቁልቁል፣ ከማሽላው ባሻገር፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት ይታያል፤
መሠረቱ ድንጋይ ነው፤ ከግንቡ ጋር አንድ ቀለም።

ማታ፣ ወደ አንኮበር በሚወጣው ኢሱዙ ላይ፣
ደረሰኞቼን ገለጥኩ።
የብቻው። የመሪው።
ሦስተኛው ላይ ያቺ ሰረዝ፣ ትንሽ የተንሻፈፈች።
ፋብሪካ ቢሆን በቀይ ጠመኔ ከብቤ
"ይመለስ" እል ነበር።

አጥፌ ከደረቴ ኪስ ከተትኳት።